አርባ ሁለት ፊደል

ጠላቂዋ መቶ ሰማንያ ሜትር ጥልቀት ላይ ስትደርስ ውስጧ የተቀመጠችው ኢንጂነር ሐመልማል ዳምጤ ሳንድዊቿን እየገመጠች የሦስት ወሩን ሪፖርት ታነብ ነበር። ማንበብ ማለት ዓይንን ጽሑፉ ላይ ጣል አድርጎ ማዳመጥ ነው። ዓይኗ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ጽሑፉን ያያል፤ ከጆሮዋ ጀርባ የተለጠፈችው የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ደግሞ ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ ትነግራታለች። ሁለቱ አንድ ላይ ዓይነ-ድምፅ ይባላሉ። የዘመኑ ሰው ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጫማውን ቢረሳ እንጂ ዓይነ-ድምፁን አይረሳም።

ጠላቂዋ በሻላ ሐይቅ ላይ ከተንሳፈፈው የምርምር ጣቢያ በወፍራም ገመድ ተንጠልጥላ የምትወርድ፣ ከሚኒባስ የማትበልጥ የብረት ክፍል ናት። ሥራዋ ከሐይቁ ወለል የሚፈልቀውን ፍል ውሃ ቀድቶ ማምጣት ነው፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ነፍሳት ለመድኃኒት ይፈለጋሉ። ሐመልማል ውሃውን ትለካለች፣ ጋሽ ሌንጂሶ ጠላቂዋን ይነዳሉ።

ጋሽ ሌንጂሶ የሃምሳ ስምንት ዓመት የሀላባ ሰው ናቸው። ከጣቢያው ሠራተኞች መካከል ዓይነ-ድምፅ የሌላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ “ያሳክከኛል” ብለው ያልፋሉ። ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጠዋል፤ ሥራቸውን የሚሠሩት የሚወዛወዙ ቀስቶችንና የሚበሩ መብራቶችን አይተው ነው። ሐመልማል ደግሞ የወርቅ ሜዳልያ ተሸላሚ ናት። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ሻይ ላይ ተሰብስበው በጋሽ ሌንጂሶ ሲቀልዱ እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ይህን አሁን ብትጠየቅ አትክድም።

የሐይቁ ወለል ደርሰው መንጠቆው ድንጋዩን ጨብጦ ጠላቂዋን ካቆማት በኋላ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሬት መንቀጥቀጡ ብርቅ አይደለም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ይነቃነቅና ይተዋል። ይሄኛው ግን አልተወም። ሐመልማል ከወንበሯ ወደቀች፣ መብራቱ ጠፋ፣ ወዲያው የአደጋ ጊዜው ቀይ መብራት በራ። የፍል ውሃ መቅጃው ቧንቧ ሲፈነዳ ጋሽ ሌንጂሶ ፊት ለፊቱ ነበሩ። እንፋሎቱ ፊታቸውን እየገረፋቸው መዝጊያውን አጥብቀው ዘጉትና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። በጆሮዋ “የሁለተኛው ሩብ ዓመት ውጤት እንደሚያሳየው” ስትል የነበረችው ሴት ዐረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ዝም አለች።

ሐመልማል መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ሽማግሌው ነው። ፊታቸው ቀልቷል፣ የዓይናቸው ቆብ አብጦ ተገጥሟል። በቀዝቃዛ ውሃ ጨርቅ አርሳ ሸፈነችላቸው። “ይታይዎታል ወይ?” ስትላቸው “ይቆይ እስቲ” አሉ እንጂ አዎም አይደለምም አላሉ።

ከላይ ጋር የሚያገናኛቸው ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ የመዳብ ሽቦ ስልክ ብቻ ነው። መነጋገሪያውን አነሳች። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ይልቃል ናቸው የመለሱላት። ሐይቁ ዳርቻ ላይ የነበረው የመገናኛ ማማ ወድቋል፣ ኤሌክትሪክ የለም፣ ገመድ የሚስበው ሞተርም ቆሟል። ማማው ከሌለ ዓይነ-ድምፅም የለም፤ ከጆሮ ጀርባ ያለችው ነገር ምስር ሆና ትቀራለች። ለጥገና ስድስት ሰዓት ይፈልጋሉ። ሐመልማል የአየሩን ቀስት አየች፣ የቀረው አርባ አምስት ደቂቃ ነው።

መውጫ ግን ነበራቸው። ጠላቂዋ ከሆዷ ያሉትን የእርሳስ ሚዛኖች ጥላ መንጠቆዋን ከለቀቀች በራሷ ትንሳፈፋለች። ይህን ዘወትር የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነበር፤ እሱ ከሌለ በእጅ የሚሠራባቸው ሦስት እጀታዎች ከሐመልማል ወንበር በላይ በሳጥን ተዘግተው ይገኛሉ። ጠላቂዋ ከመጣች ገና አምስት ወሯ ስለሆነ ሳጥኑን የከፈተው ሰው የለም። ሐመልማል ከፈተችው። ሦስቱም ግራጫ ናቸው፣ ሦስቱም እኩል ናቸው። ከላያቸው አንድ የብረት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ሰሌዳው ላይ ጽሑፍ አለ።

ጽሑፉን አየችው። ልማድ ነውና ድምፁን ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

“ዶክተር፣” አለች በስልኩ፣ “የጠላቂዋ መመሪያ በወረቀት እናንተ ጋ አለ። የሦስቱን እጀታ ቅደም ተከተል ያንብቡልኝ።”

መጽሐፉ ሲገለጥ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል። ዶክተር ይልቃል ጉሮሯቸውን ጠርገው መነጽራቸውን ቢሮ እንደረሱት ነገሯት። መጽሐፉን ለአንዱ መሐንዲስ ሰጡት፤ እሱ ደግሞ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ብርሃኑም አይመችም አለ። ከላይ እኩለ ቀን ነው። ሦስተኛዋ ልጅ እጇ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ሌላ ሰው ቢያነበው ይሻላል አለች። አራተኛው ጄኔሬተሩን ለማየት ወጣ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሐመልማል ሁሉንም ትሰማለች። ላይ ያሉት ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፣ ዐሥራ አንዱም ዲግሪ አላቸው።

ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። መነጽር ረሳሁ፣ ራሴን አሞኛል፣ አንተ አንብበው የኔ ድምፅ ዘግቷል፣ ሁሉንም ተናግራቸው ታውቃለች። እስከዛሬ ግን የምትናገራቸው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ልጆች ፊደል ሳይለዩ ዓይነ-ድምፅ እንዳያደርጉ ሕጉ ይከለክላል፤ ስለዚህ እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማረችው በድሮው መንገድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ዘጠና አራት ልጆች ነበሩ። መምህሩ በረጅም ዘንግ የፊደል ገበታውን ይጠቁማል፣ ዘጠና አራቱ አብረው ይጮኻሉ። ሐመልማል ድምፀ መልካም ነበረች። ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች፤ አንዷ ፊደል ብቻዋን ነጠል ብላ ከቆመች ግን ማን እንደሆነች አታውቅም። ከረድፉ ራስ ጀምራ እየዘመረች ካልወረደች አታገኛትም። ገበታው ከሌለ ደግሞ የምትወርድበት ረድፍ የለም።

ከዚያ አንድ ለአምስት መጣ። ተማሪው በቡድን ይደራጅና አንድ ጎበዝ ልጅ አምስቱን ይመራል። የሐመልማል ቡድን መሪ ቢፍቱ የምትባል ፈጣን ልጅ ነበረች። መምህሩ ሲመጣ ቢፍቱ ታነባለች፣ አምስቱ ይከተሏታል፣ መምህሩም “ቡድኑ አንብቧል” ብሎ ለሁሉም እኩል ማርክ ይሰጣል። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ምንባብ ታድሎ ሳምንቱን ሙሉ በቃል ተጠና። ሐመልማል ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን ይዛ የወንዙን ምንባብ ጥርት አድርጋ ተወጣችው። የከፈተችው ገጽ ግን የወንዙ አልነበረም፤ ሥዕሉ ላይ ዶሮ ነበር። ተቆጣጣሪው ዶሮዋን አየ፣ ሐመልማልን አየ፣ መምህሩን አየ። ከዚያ “ጎበዝ” ብሎ ራሷን ዳበሰና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። መምህሩ ዘጠና አራት ልጆች ነበሩት፣ ተቆጣጣሪው በዚያ ቀን ሦስት ትምህርት ቤት ይጠብቀው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዓይነ-ድምፅ አደረገች፣ ነገሩም ተዳፈነ። ፈተናውን ሁሉ እየሰማች መለሰች፤ አእምሮዋ ስል ስለነበር ከፊቷ የሚቆም አልተገኘም።

“ኢንጂነር፣” አሉ ጋሽ ሌንጂሶ ከወለሉ ላይ፣ “ሰሌዳው ምን ይላል?”

“ብርሃኑ ትንሽ...” ብላ አቆመች። የአየሩ ቀስት ሠላሳ ስምንት ላይ ነበር።

ቀኙ እጀታ ለእጇ ይቀርባል። ሦስት ናቸው፣ አንዱን መሞከር ይቻላል ብላ እጇን ዘረጋች። ብረቱ ሲነካ የሰጠውን ድምፅ ሽማግሌው ሰሙ።

“ሳታነቢ ነው የምትጎትቺው?”

እጇን ከእጀታው ላይ አነሳች።

“ልጄ፣” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ማንበብ አትችይም እንዴ?”

ሐመልማል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ከዚያ በላይ ወዴት ትወርዳለች? እናቷ የማታውቀውን፣ ልታገባው የነበረው ሰው የማያውቀውን ነገር፣ ፊቱ በጨርቅ ለተሸፈነ ሰው ነገረችው።

“አልችልም፣ ጋሽ ሌንጂሶ። አንድም ፊደል አልለይም።”

ሽማግሌው አልሳቁም። ይልቅ ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጠው ዘረጉላት።

“እኔ እችላለሁ፣” አሉ፣ “ቀስ እያልኩ ነው እንጂ እችላለሁ። የመጀመሪያዋን ፊደል መዳፌ ላይ በጣትሽ ሣዪልኝ።”

ሐመልማል አጠገባቸው ተንበረከከች። ሰሌዳውን ቀና ብላ ታያለች፣ ከዚያ መዳፋቸው ላይ ትሥላለች። የመጀመሪያዋን ሦስት ጊዜ አሣሏት። ከየት ጀምራ ወዴት እንደምትዞር፣ እግሯ ስንት እንደሆነ ጠየቋት። “መ” አሉ በመጨረሻ። ሁለተኛዋ ብዙ አስቸገረች፤ ራሷ ላይ ያለችውን ሰረዝ ስለዘለለቻት አራት ደቂቃ ወሰደባቸው። “ጀ” አሉ። ሦስተኛዋን አየችና ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

“ይቺን አውቃታለሁ፣” አለች። “ቅድም ያልናት ናት። መ።”

“መ፣” አሉ ሽማግሌው፣ በጨርቁ ሥር ፈገግ ያሉ መሰላት። “በይ ወደ ፊት።”

ሐመልማል በዚያች ቅጽበት ደስ አላት። መቶ ሰማንያ ሜትር ውሃ ላይዋ ላይ ተጭኖ፣ አየሩ እያለቀ፣ እንደ ሕፃን ደስ አላት። በዚህ ደስታዋም በኋላ ለብዙ ጊዜ ታፍር ነበር።

ሰሌዳው ላይ አርባ ሁለት ፊደል ነበር። አንዳንዷ በአንድ ጊዜ ታለፈች፣ አንዳንዷ አምስት ጊዜ ተሣለች። ጋሽ ሌንጂሶም ሁለት ጊዜ ተሳስተው ተመለሱ፤ በተለይ መካከሉ ላይ ፊደሎቹ ተነባብረው ቃል አልወጣ ሲላቸው ሐመልማል የአየሩን ቀስት ሰርቃ አየች። ስልኩ ተንጠልጥሎ ዶክተር ይልቃል “ሐመልማል? ሐመልማል?” ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። ቀስቱ ዐሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምረው በቃላቸው አወረዱት።

“መጀመሪያ ግራውን እጀታ ወደ ታች። ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ መካከለኛውን። ቀኙን አትንካ።”

ሐመልማል ቅድም ቀኙ ላይ የነበረ እጇን አየችው። ከዚያ ግራውን ይዛ ተንጠለጠለችበት። ከሆዳቸው ሥር ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ።

የሁለት ደቂቃው መጠበቅ ከሁሉም ረዘመ። ዝም ማለት ስላስፈራት ማንበብ የት እንደተማሩ ጠየቀቻቸው። ታላቅ እህታቸው ሸምሲያ ነበረች ያስተማረቻቸው። መንደራቸው ማማ አልነበረውም፣ መጽሐፍም አልነበረም፤ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግታ ከታተመበት ጽሑፍ አንዷን ፊደል በእንጨት ትመታና “ይቺ ማናት?” ትላቸዋለች። ካወቁ ወደ ሌላ ትዘላለች፣ በተርታ አትሄድም። ካላወቁ መዳፋቸው ላይ ትሥልላቸዋለች። አምስተኛ ክፍል ከተማ ሲገቡ ግን ልጁ ሁሉ ዓይነ-ድምፅ አድርጎ ጠበቃቸው።

“ፈተና ሲሰጥ እኔ ሁለተኛው መስመር ላይ ስሆን እነሱ ጨርሰው ይወጣሉ፣” አሉ። “መምህሩ ዘገምተኛ ነው ብሎ ጻፈብኝ። እኔም አመንኩት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እናንተ በአንድ እይታ ገጹን ስታነሱት አይቼ ማንበብ እችላለሁ ለማለት አፍር ነበር።”

ሐመልማል ጨርቁን እንደገና አርሳ ፊታቸው ላይ መለሰችላቸው። ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ተነሥታ መካከለኛውን እጀታ ሳበች። መንጠቆው ለቀቀ፣ ጠላቂዋ አንዴ ተናጠችና ወደ ላይ መውጣት ጀመረች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ በሁለት ሳምንት ሥራውን ጨረሰ። ጥፋቱ የማማው ነው ተባለ፤ ሁለተኛ ማማ እንዲተከል ተወሰነ። የጠላቂዋ አምራች ተወካይ ሲጠየቅ ቀኙ እጀታ የታችኛውን በር እንደሚከፍት አስረዳ። የሰሌዳውን ጽሑፍ ያዘጋጀውም ያተመውም የመረመረውም ማሽን ነው አለ፤ ሕጉ ሰሌዳ ይኑር ስለሚል ተለጠፈ እንጂ የሰው ዓይን ያነበዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስለ ዐሥራ አንዱ ሰዎች የጠየቀ የለም። ሐመልማል እጇን አውጥታ ልትናገር ስትል ዶክተር ይልቃል ከጠረጴዛው ማዶ አዩዋት። ተማጽኖ ነበር ዓይናቸው ላይ ያለው፤ ሦስት ልጆች እንዳሏቸው ታውቃለች። እጇን መለሰች። ወጥታ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ከሐይቁ ወለል ወጥታለች፣ ከዚህኛው ግን እንዴት እንደሚወጣ የሚነግራት ሰሌዳ አልነበረም።

በማግሥቱ ጋሽ ሌንጂሶን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄደች። ብርቱካን ይዛለች። ዓይናቸው እንደታሸገ ነው፤ ሐኪሞቹ እስኪፈታ ይታገሡ ብለዋቸዋል። እሳቸውም ሲፈታ ስለሚሠሩት ነገር ያወራሉ፤ ጠላቂዋ ተጠግና እንደሆነ፣ ማን እየነዳት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሐመልማል ሆን ብላ ዓይነ-ድምፁን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታለች። ማታ ማታ ብቻዋን ስትለማመድ መሰንበቷን ነገረቻቸው፤ ከሰሌዳው ላይ የተማረቻቸው ሃያ ስምንት ፊደሎች እንዳሏት፣ አንዷንም እንዳልረሳች።

“እስቲ አሳዪኝ፣” አሉና ተደስተው መዳፋቸውን ዘረጉ። “ያገኘሽውን አንብቢልኝ።”

ሐመልማል ዙሪያዋን አየች። ከራስጌያቸው በላይ አንዲት ካርድ ተንጠልጥላለች፤ በጥቁር ቀለም ጉልህ ተደርጎ ተጽፎባታል። አጭር ስለሆነች መረጠቻት።

“ሁ፣ ለ፣” አለች በኩራት። ሦስተኛዋን መዳፋቸው ላይ ሣለችላቸው፣ “ቱ” አሉ። አራተኛዋን ሣለች፣ “ም” አሉ። ቀጣዩ ቃል ሦስት ፊደል ነው፤ ሁለቱን እሳቸው ነገሯት፣ የመጨረሻዋን ራሷ አወቀቻት። “ዓይን” አሉ ሽማግሌው፣ መዳፋቸው ትንሽ ታጠፈ። ሐመልማል አላስተዋለችም። ሦስተኛው ቃል ላይ ደርሳ ነበር፣ ፊደሎቹም የምታውቃቸው ሆነው አገኘቻቸው።

“ቆይ፣ አይንገሩኝ፣ ይሄንን ብቻዬን ልሞክር፣” አለች። “አ... ይ... መ... ለ... ከዚያ አንዷን አላውቃትም፣ ከዚያ ደግሞ ቅድም ያልናት፣ ም።” ያላወቀቻትን መዳፋቸው ላይ ሣለችላቸው።

“ስ፣” አሉ ጋሽ ሌንጂሶ።

ሐመልማል ገጣጠመችው። በሠላሳ አንድ ዓመቷ ያለ ማንም ድምፅ ከራሷ አፍ ያወጣችው የመጀመሪያው ቃል ነበር፣ ያወጣችውም ጮክ ብላ ነው።

“አይመለስም።”

ከዚያ ሦስቱን ቃላት አንድ ላይ ሰማቻቸው። ዓይነ-ድምፁ ቢሆን ይህን አይነግራትም ነበር፤ የሌላ ሰው የሕክምና ጉዳይ ላይ ዓይን ሲያርፍ ዝም እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዋ የደረሰው ነገር ሁሉ ይድረሳት ተብሎ የተፈቀደ እንደነበር ያኔ ገባት። ይህን ግን ለእሷ የፈቀደው የለም፣ ለእሳቸውም የፈቀደው የለም፤ ፊደል ለይተው ያገኙት ነው። ይቅርታ ልትላቸው ፈልጋ ክንዳቸውን ያዘች።

ከሽማግሌው ጎን ያለው ታካሚ ሲስል ተሰማ፣ ነርሷ ጋሪ እየገፋች አለፈች።

“ከታች ሌላ መስመር አለ?” አሉ በመጨረሻ።

ሐመልማል አየች። መስመሩ አለ። የመጀመሪያዋ ፊደል ለ ናት፣ ታውቃታለች። ሁለተኛዋም ታ ናት፣ ሦስተኛዋም ካ። የተቀሩትን ማየት አልፈለገችም።

“አለ፣” አለች።

ጋሽ ሌንጂሶ የታጠፈ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉላት።